የተቆረጠው የእንጦጦ መስመር

እኔ ደንቃራ ረግጬ የማልፍ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወሬዬን ስጨርስ "ድሮም እሷ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች" እንዳትሉኝ ነው። የሰፈሬ ሰው መንገድ ላይ የተሰበረ እንቁላልና የዶሮ ላባ ሲያይ በሌላ ቅያስ ዞሮ ይሄዳል፣ እኔ ግን በጫማዬ ገፋ አድርጌው ወደ ሥራዬ ነው የምሄደው፣ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ታገኚዋለሽ" እያለች ስትቆጣኝ "ያገኘሁ ዕለት መጥቼ እነግርሻለሁ" እላት ነበር። እሷ አረፈች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔም አገኘሁ፣ ለእሷ ግን ሳልነግራት ቀረሁ። እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ የካ ውስጥ ነው። ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ነበር የምሠራው፣ ስሙ ይቅርና፣ ቢሯችን ከታች ሜዳው ላይ፣ መጋዘናችን ደግሞ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር፣ ብርዱ ለመድኃኒት ይስማማል ተብሎ። ቢሮው ውስጥ ቁም ሳጥን የምታክል ኮምፒውተር ነበረችን። ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት ነው የምትሠራው፣ የየትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳለቀ፣ ምን እንደሚላክለት የምታወጣው እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ ጠባቂዋ ነበርኩ፣ ማለት አስነሳታለሁ፣ አስተኛታለሁ፣ ስትታመም እሰድባታለሁ።

ዛሬ ስልካችሁ "አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ ልጫነው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ "እሺ" ብላችሁ ጋደም ትላላችሁ፣ አይደል? ያኔ አዲስ ስሪት የሚመጣው በትልቅ ቴፕ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ነው፣ ጉምሩክ ከርሞ፣ ስንት ሰው ለምነን ነው የሚለቀቅልን፣ ስንጭነው ደግሞ ሰው ሁሉ ከማሽኗ ይወጣል፣ በሌላ ተርሚናል፣ ማለት ከእሷ ጋር በሽቦ በተያያዘ ስክሪንና መተየቢያ፣ ማንም መግባት አይችልም፣ አንድ ሰው ብቻ ዋናው ተርሚናል ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ማሽኗ ቴፑ ላይ ያለውን ፕሮግራምና ቤት፣ ማለት እሷው ውስጥ፣ ያለውን በተጻፉበት ቀን ታስተያያለች፣ የቴፑ ይበልጥ አዲስ ከሆነ የቤቱን አጥፍታ እሱን ትተካለች፣ የቤቱ አዲስ ከሆነ ትታው ታልፋለች። ይህቺን ያዙልኝ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። የድሮ ፋርማሲስት ናቸው፣ ኮምፒውተሯን በጣታቸው ነክተዋት አያውቁም፣ "እሷን ለማዘዝ እናንተ አላችሁ" ይላሉ፣ እኛን ግን እንደ ልጆቻቸው ነበር የሚያዩን። እኛ ስል እኔና ታዬ ማለቴ ነው። ታዬ ፕሮግራም ጸሐፊያችን ነበር፣ በሁለት ጣት ብቻ የሚተይብ፣ ቀስ ብሎ፣ እየሰረዘ እየደለዘ፣ እኔ ስቸኩል "ረጋ በዪ ጽጌ" የሚለኝ፣ እኔም "አንተ ስትረጋ ሀገር አለቀ" የምለው ልጅ። የማሽኗ ዲስክ፣ ሁሉን ነገር የምታስቀምጥበት፣ ተበላሽቶ ከሶሻሊስት አገር ሌላ ዲስክ የተሰጠን ጊዜ፣ ማሽኗ የምዕራብ፣ ዲስኩ የምሥራቅ፣ ሁለቱ አልግባባ አሉ፣ ስንት ባለሙያ "አይሆንም" ብሎ ሲሄድ ታዬ ሳምንታት ተቀምጦ የሚያስታርቃቸውን ፕሮግራም ጻፈ። የጻፋቸውን ፕሮግራሞች "ልጆቼ" ነበር የሚላቸው፣ ሚስት እንኳ ሳያገባ። ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራና ወደ ሰሜን ሄደ፣ መጀመሪያ ሰላምታ ይልክ ነበር፣ በኋላ ድምፁ ጠፋ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ክረምት ማሽኗ መሀል ላይ ቀጥ ማለት ጀመረች። ለአንድ ቆላ አውራጃ የወባ መድኃኒት ሳይላክ ቀረና የቀበሌው ካድሬ መጣ፣ ማሽን ሊበላሽ ይችላል ብንለው ወይ ፍንክች፣ "ይሄ አሻጥር ነው" አለ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ወርቁን ከወንበራቸው አስነስተው ቀበሌ እስር ቤት ወሰዷቸው። የማሽኗን በሽታ የሚያድነው አዲሱ ስሪት ደግሞ በዚያው ሳምንት ደርሶልን ነበር። ካድሬው ለእኔ የነገረኝ ይህን ነው፦ "ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ከሠራች ሰውየው ይለቀቃሉ። ካልሠራች ወደ ላይ ይተላለፋሉ።" ወደ ላይ የተላለፈ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ከተመለሰ፣ ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ልባቸው ደካማ ነበር፣ በየቀኑ ክኒን ነው የሚውጡት፣ ክኒኑንም ይዘው አልሄዱም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ቢሮ ብቻዬን ገባሁ። ሰፈርተኛው ሁሉ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበር፣ የድምፅ ማጉያው ከሩቅ ይሰማኛል፣ እኔን ካድሬው ራሱ ነው ከስብሰባው ያስቀረኝ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ስለነበር ገና በቀን መብራት አበራሁ። ቴፑን ሰቀልኩ፣ ሁሉንም ከማሽኗ አስወጣሁ፣ ለጥንቃቄ አሮጌውን በሌላ ቴፕ ገለበጥኩ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማሽኗ አልነሳም ካለች ያ ግልባጭ ምንም አይረባም፣ እሱን የምታነብልኝ እሷው ናት።

ትእዛዙን ጽፌ ጨርሼ የመጨረሻዋን ቁልፍ ልጫን ስል ከኋላዬ "ቀጭ" አለ።

ከኋላዬ ያለው የመስመሮቹ ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ተርሚናል በእሱ በኩል ነው የሚገናኘው፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቀይ አምፖል አለው፣ መጋዘኑ ያለው ተርሚናል ደግሞ በስልክ ሽቦ ነበር የሚገናኝ። ነበር ያልኩት ሽቦውን ሰኔ ላይ ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ በጥሶት ስለነበር ነው፣ የስልክ ሰዎች "ዛሬ እንመጣለን፣ ነገ እንመጣለን" እያሉ ክረምቱ ተጋመሰ። ዞር ብዬ ሳይ የእንጦጦ አምፖል በርቷል።

እርጥበት ነው አልኩ። ጉም ገብቶ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁና ወደ ሥራዬ ዞርኩ፣ እንዲህ ነኝ፣ ሁሉንም ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። አምፖሉ ግን ይጠፋል ይበራል፣ ይጠፋል ይበራል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሳጥኑ "ቀጭ" ይላል፣ እርጥበት እንዲህ ዓይነት አመል እንዳለው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ማሽኗ ጢጥ አለች። ሰው መልእክት ሲልክ ነው እንዲህ የምትለው። ስክሪኑ ላይ፣ ካልጫንኩት ትእዛዝ በታች፣ መልእክት ከታዬ፣ ከእንጦጦ መስመር፣ የሚል ወጣ።

ሽቦው የተበጠሰ ነው፣ ሽቦው ቢቀጠል እንኳ ሁሉንም አስወጥቼ ስለዘጋሁ ማንም መግባት አይችልም፣ የታዬ የመግቢያ ስም ደግሞ ከሄደ ጀምሮ ተነክቶ አያውቅም። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። በዚያ ዘመን አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው፣ ማሽኗ ሌላ አታውቅም፣ እና አንድ ፊደል ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሌላ ይመጣል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይመጣል። የሰው አተያየብ እንደ አረማመዱ ነው፣ ከሩቅ ታውቁታላችሁ። በሁለት ጣት ነበር የሚተይበው።

"ጽጌ ረጋ በዪ" አለኝ።

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም፣ ፈርቼ ይሁን ናፍቄው አላውቅም።

"ዓመቷን እዪ" አለ።

"የማንን ዓመት?" ብዬ ጻፍኩ።

"የማሽኗን። ልጆቼን ልትበላቸው ነው።"

አሁን ትንሽ ታገሡኝ። ማሽኗ መብራት ጠፍቶ በተነሳች ቁጥር "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ብላ ትጠይቃለች፣ ሪፖርታችን ሁሉ በእኛ ዘመን ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ጋሽ ወርቁ "ወሩንና ቀኑን እንደ ፈረንጁ ተዉት፣ ዓመቱን ግን በእኛ ንገሯት" ብለው ነበር፣ ማንም ክፋት አላየበትም፣ ሪፖርቱም አምሮ ወጣ። ታዲያ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይዞ ነው የተቀመጠው። ቴፑ ከባሕር ማዶ የመጣው በፈረንጅ ዘመን ነው። ታዬ ያንን የማስታረቂያ ፕሮግራም የጻፈው ቴፑ ላይ ካለው አቻው በኋላ ነው፣ በማሽኗ ዓይን ግን የእሱ ሥራ ዘመን ያለፈበት አሮጌ ዕቃ ነው። ያቺን የመጨረሻ ቁልፍ ብጫን ኖሮ የታዬን ልጆች አንድ በአንድ እያጠፋች በቴፑ ትተካቸው ነበር፣ ከዚያ የራሷን ዲስክ አታውቀውም፣ አታነበውም፣ አትነሳም። ሰኞ ጠዋት ካድሬው ይመጣል። ጋሽ ወርቁ ወደ ላይ።

እጄን ወደ መሰረዣው ሰደድኩ። ግን መጀመሪያ መጠየቅ ፈለግኩ።

"ታዬ የት ነህ?" ብዬ ጻፍኩ።

ጉሙ መስኮቱን ጨርሶ ሸፍኖት ነበር፣ የድምፅ ማጉያውም መስማት አቁሜያለሁ። ከዚያ በዚያው በቀስታው፣

"ቁልፎቹ አይታዩኝም" አለ።

ሌላ ፊደል ጀመረ። አልጨረሰውም። ሳጥኑ ቀጭ አለና አምፖሉ ጠፋ።

ስሙን ጠራሁ፣ በአፌ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ እንደ እብድ። ከዚያ ግን የምይዘው የምጨብጠው ሥራ ነበረኝና ተቀመጥኩ። ትእዛዙን ሰረዝኩ፣ የማሽኗን ዓመት አስተካከልኩ፣ የታዬን ሥራዎች አንድ በአንድ ፈልጌ የዛሬን ቀን አተምኩባቸው፣ ቴፑ ሲመጣ ትኩስ መስለው እንዲታዩት። ደግሜ አየሁ፣ ሠልሼ አየሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ረግቼ አላውቅም። ከዚያ ቁልፏን ተጫንኩ። ቴፑ ዞረ፣ ዞረ፣ ማሽኗ የምትነካቸውን ፕሮግራሞች ስም እየጠራች አሳለፈች፣ የታዬ ልጆች ላይ ስትደርስ ዝም ብላ አለፈች። ሲያልቅ አጥፍቼ አስነሳኋት፣ ያቺ ጊዜ ረዘመችብኝ፣ ዲስኩ ጉር ጉር አለ፣ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሳይመሽ ወደ መጋዘኑ ወጣሁ። ዳገቱን በምን ጉልበት እንደወጣሁት እንጃ። የመጋዘኑ ዘበኛ አባባ ቱሉ ናቸው፣ እዚያው እንጦጦ ግርጌ መሬታቸውን ሲያርሱ ኖረው በኋላ ዘበኛ የሆኑ፣ ሲገርማቸው ኦሮምኛው የሚቀድማቸው አዛውንት።

"አባባ ቱሉ፣ ዛሬ ተርሚናሉ ክፍል ማን ገባ?"

"ማን ይገባል ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው "አንቺም ሰማሽው እንዴ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ዝናብ ቆርቆሮውን መታው እንዳልል አልዘነበም። አይጥ ነው ብዬ በሩን በዱላዬ አንኳኳሁት። ቆመ።" "ያ ዋቃ" አሉ፣ አምላኬ እንደማለት፣ "እንደ እውነቱ ያ ቀጭን ልጅ፣ ታዬ፣ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያ ነበር የሚመታው።"

በሩን ከፍተን ገባን። ተርሚናሉ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው፣ ላስቲኩ ላይ አቧራ አለ፣ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ወንበሩ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሸረሪት ከወንበሩ እስከ ጠረጴዛው ድር ዘርግቶ ነበር፣ ክሩ እንኳ አልተበጠሰም። አባባ ቱሉ ሦስቴ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፣ ደንቃራ የምረግጠው ሴትዮ።

ሰኞ ጠዋት ካድሬው መጣ፣ ማሽኗ የየአውራጃውን መድኃኒት አንዲት ሳትሳሳት አወጣች፣ እሱ ተነስቶ ሄደ፣ ቀትር ላይ ጋሽ ወርቁ ጢማቸው አድጎ፣ ከንፈራቸው ገርጥቶ በሩ ላይ ቆሙ። ክኒናቸውን በውሃ ሰጠኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው፣ እብድ እንደሚሉኝ እየጠበቅኩ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ደግመው ጠየቁኝ።

"ቁልፎቹ አይታዩኝም፣ ነው ያለሽ?"

"አዎ ጋሽ ወርቁ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ "ለማንም እንዳትተነፍሺ" አሉኝ፣ ሳይታጠቡ፣ ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ፣ በቀጥታ ኮተቤ የታዬ እናት ዘንድ ሄደው "ልጅሽ አለ" አሏቸው። በኋላ ስሰማ ተናደድኩ። በምን ማስረጃ ነው የእናትን ሆድ እንዲህ የሚነካኩት አልኩ፣ ፊት ለፊትም ተናገርኳቸው። "ማስረጃው አንቺ ነሽ" አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዓመታት አለፉ። ተማርከው የቆዩ ወታደሮች ሲለቀቁ ታዬ ከእነሱ ጋር መጣ። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ግን መጣ፣ በእግሩ። እናቱ በሩ ላይ ሲያዩት አልጮኹም አሉ፣ "ገና ዛሬ?" ብቻ ነው ያሉት፣ እንደ ቆየ ቀጠሮ።

በዚያ ሳምንት እኔ፣ ጋሽ ወርቁና ታዬ መገናኛ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። መገናኛ ያኔ ዛሬ የምታውቁት አልነበረም፣ ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ይሰማማ ነበር። ስለዚያ እሑድ እኔም ጋሽ ወርቁም ገና ምንም አልነገርነውም፣ ስለ እስራቸውም አያውቅም፣ መጀመሪያ ይብላ፣ ይጠንክር ብለን። እሱ ራሱ ነው የጀመረው።

"ምርኮ ላይ ሳለን አውሮፕላን ስለሚፈራ ቀን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምንውለው" አለ፣ "እጅህን አታይም፣ እንደዚያ ጨለማ ነው። ሰው አእምሮውን ይስት ነበር። እኔ ሳንቃ አገኘሁና ጭኔ ላይ አድርጌ እተይብ ጀመር። ያቺን ማሽን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እሄድባታለሁ። አንድ ክረምት ዓመቷ ትዝ አለኝ። አዲስ ስሪት ከመጣ የምትጭነው ጽጌ ናት፣ ጽጌ ደግሞ ችኩል ናት፣ ልጆቼ አለቁ አልኩ። ነገርኩሽ፣ በሳንቃው።" ሳቅ አለ። "'የት ነህ?' አልሽኝ መሰለኝ። ሰው ሲብስበት የማይሰማው የለም።"

ጋሽ ወርቁ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያ በር ተንኳኳ። ጉድጓድ በር የለውም፣ ግን ተንኳኳ። አንቺ ጠፋሽ። ያን ቀን ምግብ መብላት ከተውኩ ሰንብቼ ነበር፣ ልተወው ወስኜ ነበር፣ ሁሉንም። 'ማን አለ?' ብዬ ጻፍኩ፣ ለመጨረሻ። መልስ መጣልኝ። እንደ አንቺ ፈጣን አልነበረም። 'ወርቁ ነኝ። በርታ ልጄ፣ ሁለታችንም እንወጣለን' አለኝ።" ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። "ሁለታችንም ማለታቸው ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ እርስዎ የት ገብተው ነው የሚወጡት? ግን በማግስቱ በላሁ።"

እኔ ያንን አልጻፍኩም። በእናቴ አጥንት፣ አምፖሉ ከጠፋ በኋላ እዚያ ማሽን ላይ የተጻፈው የራሴ ትእዛዝ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ያን ሰዓት ቀበሌ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሰንሰለት ተዘግቶባቸው ነበር።

ታዬ መልስ እየጠበቀ ነው። ጋሽ ወርቁ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"እኔ መተየብ አልችልም፣ ታውቃለህ" አሉት።

"አውቃለሁ።"

"አልጻፍኩም።" እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "ብያለሁ ግን፣ በሆዴ።"

ከዚያ ሌላ ወሬ አመጣን፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሦስታችንም በዚህ ነገር ደግመን አላወራንም። ጋሽ ወርቁ በሰላም አርጅተው በቤታቸው ነው ያረፉት፣ ታዬ የልጆች አባት ነው፣ የእውነቱን ልጆች ማለቴ ነው። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን የምትከነክነኝ አንዲት ነገር አለች። በሕይወቴ ስንቱን ሰው፣ የት እንዳለ ሳላውቅ፣ በሆዴ "በርታ" ያልኩት አለ፣ አንዳንዱን ደግሞ በንዴት ሌላም ያልኩት አለ፣ ማንም አይሰማኝም ብዬ።